ዘር የበላው ማኅበር

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቅዱሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ የጨረሰ ምእመን ፈልጉ ብትባሉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ቄሶቹን አልቆጠርኩም፤ ለእነሱ እንጀራቸው ነው።

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። በወጣትነቴ ውጫሌ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ባለቤቱ ለጌጥ ብሎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው የፊደል ገበታ ነበር። እሱን እያየሁ፣ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው እየጠየቅሁ፣ በሁለት ክረምት ዳዊት ደገምኩ። ጮክ ብዬ ማንበብ የለመድኩት ከሞተር ጋር እየተፎካከርኩ ስለሆነ ድምፄ ዛሬም ማይክ አይፈልግም። በኋላ ሐይቅ ላይ የራሴን ወፍጮ ተከልኩ፤ ሞተር መፍታትና መግጠምም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። አንድ ጊዜ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሬ ሄጄ አንድ አረጋዊ መነኩሴን ስለ ጾም ሥርዓት ተከራከርኳቸው። ግማሽ ቀን ተናግሬ ሳበቃ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና ወደ ጸሎታቸው ገቡ። እንደረታኋቸው ለሰማም ላልሰማም ተናግሬያለሁ።

እንግዲህ የጽዋ ማኅበራችን አባላት ሙሴ አድርገው ሲመርጡኝ አልተሳሳቱም። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ነው። በየወሩ በመልአካችን ቀን በአንድ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት አድርሰን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ጠላ ቀምሰን እንለያያለን። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ተረክቦ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። አንዴ ከተረከበ ቃል ነው፤ ማፈግፈግ የለም። ያፈገፈገ ከማኅበሩ ይወጣል። ይህን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። በእኔ ሙሴነት ማኅበራችን አንድም ወር ተቋርጦ አያውቅም። ሰው አፉን ሸፍኖ ከሰው የሸሸበት ያ በሽታ የመጣ ጊዜ እንኳ አባላቱን በየአጥሩ ጥግ አራርቄ አስቀምጬ ዳቦውን በሰፌድ አዙሬያለሁ።

ለውጡ የመጣ ጊዜ ሃይማኖት ፋሽን ሆነ። የአንገት ማተብ እየወፈረ እየወፈረ የበሬ መጎተቻ አከለ። ባለ ባጃጁ መስታወቱ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በወርቅ ቀለም አስጽፎ፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ በእጥፍ ያስከፍላል። ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲጨምር መስጊዱ ይጨምራል፤ መስጊዱ ሲጨምር ቤተ ክርስቲያኑ ይጨምራል፤ በመካከል የምናድር ሰዎች ሁለቱንም አምላኪ ሆንን። በየስልኩ የሥዕል መዓት ይላካል፤ ከሥሩ አሜን ሳትል ብታልፍ መከራ እንደሚያገኝህ ተጽፏል። እኔ ሳልል አልፌ አይቼዋለሁ፤ መከራው አሜን ላሉትም መጣ።

ከማኅበራችን አባላት አንዱ የእህል ነጋዴ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ገዝቶ ሰጥቷል፤ መቼም አይካድም። ከመልአኩ ሥዕል በታች ግን ስሙን ያስጠለፈበት ፊደል ከመልአኩ እግር ይበልጣል። የማኅበሩ አባላት አንድ ዓይነት ቲሸርት እንልበስ ያለውም እሱ ነው። ለበስን። ከፊት መልአኩ፣ ከኋላ የሱቁ ስልክ ቁጥር።

ስለዚህ በእነዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛው ክርስቲያን ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እኔ ነበርኩ። እምነት ሥርዓት ነው፤ ሥርዓትን ከእኔ የበለጠ የሚጠብቅ የለም። እንዲህ ነበር ስሌቱ።

ጦርነቱ ከሰሜን እየወረደ ውጫሌ ተያዘች ሲባል ነጋዴው በመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። በመሄዱ አልነቅፈውም፤ ነፍስ ጣፋጭ ናት። መኪናው ውስጥ ሆኖ ለሁላችን የላከው መልእክት ግን «በእምነት ጽኑ» የሚል ነበር። እኔ የቀረሁት በእምነት ነው እላለሁ፤ ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በጉልበትህ ሕመም ነው ትል ነበር።

ከተማችንም በታጣቂዎች እጅ ገባች። መብራት ተቋረጠ፤ ወፍጮዬ ቆመ። ስልክ ጠፋ። ገበያው ተዘጋ። ማሽላው ማሳ ላይ እንደቆመ መንገደኛውም፣ የተፈታው ከብትም፣ ወፉም ጨረሰው። የነቢያት ጾም የገባው በዚህ መካከል ነው። የዚያን ዓመት ያልጾመ አልነበረም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ጾመ፤ የፍስኩ ቀን ብቻ አልታወቀም።

በዚያ ወር ጽዋው ያለው ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ዳር በምትኖር አንዲት መበለት ቤት ነበር። ባሏ የማኅበራችን መሥራች አባል ነበር፤ ሲሞት ወንበሩን እሷ ያዘች። ከእሱ የቀረላት ያ ወንበርና ትንሽ ማሳ ነው። ማሳውን በሬ ያለው አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ያርስላታል፤ በምላሹ እሷ በአረምና በአጨዳ ትረዳዋለች። ጦርነቱ ሲቃረብ ከወልድያ ወዲያ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌና ልጁ ቤቷ ተጠግተው ነበር። ቁርባን ይቁረቡ፣ ሶላት ይስገዱ፣ አልጠየቀቻቸውም።

ማኅበሩ አራት ቀን ሲቀረው ወፍጮ ቤቴ መጣች። በቆመው ወፍጮ አጠገብ ተቀምጬ አገኘችኝ።

«አያ ሙሴ» አለችኝ፣ «የዚህን ወር ይለፉኝ። እጄ ባዶ ነው። ለሌላ ወር ይሁንልኝ።»

እኔ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ መልስ አላጣም። የመጨረሻ ዱቄቷን ለነቢዩ ጋግራ ስላበላችው መበለት ተረክሁላት፤ ማሰሮዋ እንዴት እንዳልጎደለ፣ ዘይቷ እንዴት እንዳላለቀ። አሳምሬ ነው የተረክሁት። ነቢዩ እኔ መሆኔን በአፌ አልተናገርኩም፤ እንድትረዳው ተውኩላት።

«እሷ ማሰሮዋ ሞላላት» አለች። «የኔን ማን ይሞላዋል?»

እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። ደግሞም ጽዋው ቤትሽ ገብቷል፣ አሁን አልችልም ብትይ ባልሽ ከመሠረተው ማኅበር አንቺ ነሽ የምትወጪው አልኳት። የቆመውን የወፍጮ ድንጋይ አየችው። ሄደች። ስብከቴ ደስ አለኝ። ማንም የሰማው ባለመኖሩ ብቻ ቆጨኝ።

የማኅበሩ ቀን ከአሥራ ሁለታችን ከእሷ ሌላ የተገኘነው አራት ነን። ሽማግሌውና ልጁ ለእኛ ቦታ ለመልቀቅ ወጥተው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዳቦው ትንሽና ጠቋራ ነው፤ ወፍጮ ስለሌለ በድንጋይ ፈጭታው ሸካራ ሆኗል። ጠላ የለም፤ ውኃ ነበር። ጸሎቱን እንደ ልማዴ ስጀምር መንገዱ ላይ የታጠቁ ሰዎች አሉና ዝቅ ቢያደርጉት አለችኝ። ዝቅ አደረግሁት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ዳቦውን ባርኬ ቆረስኩ። በሥርዓታችን የመጀመሪያው ቁራሽ በደጅ ላለ ችግረኛ ነው። በደጅ የነበሩት የእሷው እንግዶች ናቸው። በገዛ እጄ ሰጠኋቸውና፣ እንዴት ያለ ያማረ ሥርዓት ነው ብዬ በልቤ አደነቅሁ።

ከዚያ እኔ ጎረስኩ።

ማሽላ የማይዘራ ሰው ይህን አያውቅ ይሆናል። የእኛ አገር ገበሬ ከማጨዱ በፊት ማሳውን ዞሮ ምርጥ ምርጡን ራስ ይቆርጥና ከምድጃው በላይ ከጣራው ላይ ያንጠለጥለዋል። ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቅለታል። ያ የከርሞ ዘር ነው። ቤቱ ቢራብም ዓይኑን ወደ ላይ አያነሳም። እኔ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ የአገሩ እህል በእጄ ያለፈ ሰው ነኝ፤ ዱቄት ቀምሼ የቆላ ይሁን የደጋ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና እናገራለሁ፤ ሰው ተወራርዶብኝ ተሸንፏል። ያ ዳቦ ጭስ ጭስ አለኝ። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ማሽላው የታሰረበት ልጥ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

በመጀመሪያው ጉርሻ አወቅሁ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ስላላስገደደኝ ነው። አውቄ ዋጥኩ። ለሙሴ የሚገባውን ሁለተኛ ቁራሽም ተቀብዬ በላሁ። ካቆምኩ ማኅበሩ ተሰናከለ ይባላላ። ስንጨርስ ቆሜ፣ ማኅበራችን በጦርነት መካከል እንኳ ዛሬም አልተቋረጠም አልኩ። ሦስቱ አሜን አሉ። እሷ መቃኑን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ አላለችም። የሚቀጥለው ተረኛ ነጋዴው ነበር፤ እሱ የለም። ጽዋውን ራሴ ታቅፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ታጣቂዎቹ ወጡ፤ መብራቱም ቆይቶ መጣ። ወፍጮዬን አስነስቼ ዱቄት ነጭ አድርጎኝ ቆሜ ሳለ ያ ሙስሊም ጎረቤቴ ገባ። የዕድሜ እኩዮች ነን፤ ስንሰዳደብ ነው ያረጀነው። የሚፈጭ ነገር አልያዘም።

«ሙሴ ይሉሃል አሉ» አለኝ። «የኛ ነቢ ሙሳ ባሕር ከፍሎ ሰው አሻገረ። አንተ ምን አሻገርክ?»

ምን ሆነሃል አልኩት። መበለቲቱ ዘንድሮ ማሳዋን ለእኩል ልትሰጠው እንደመጣች ነገረኝ። ዘር የላትም፤ ዘሩንም በሬውንም እሱ ከቻለ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። ግማሹ ደግሞ እስከ ከርሞ አያደርሳትም፤ ከርሞም ዘር አይኖራትም። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው መበለት ከማሳዋ የምትወጣው፤ ሁለታችንም ስንቷን አይተናል።

«ለኔማ ወላሂ ይጠቅመኛል» አለ። «ባሏ ግን አብሮኝ ያረሰ ሰው ነው። ዘርሽን ማን በላው ብላት ማኅበር አለችኝ። ማኅበር አፍ አለው እንዴ? አፉ አንተ ነህ።»

አላወቅሁም አልኩ። ሳቀብኝ። የማን ዱቄት ከማን ማሳ እንደመጣ በምላስህ የምትለይ ሰውዬ፣ ጭስ የጠጣ ዘር ጠፋህ ወይ አለኝ። ያ ሁሉ ስመካበት የኖርኩት ነገር መጥቶ አንገቴን ያዘኝ። ከወፍጮ ድርሻዬ የተጠራቀመ ሦስት ማዳበሪያ ዱቄት ስላለኝ፣ እሱን እሰጣታለሁ አልኩ።

«እስቲ ዱቄት ዝራ» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን የተናገርኩበት አነጋገር ጥሩ ነበር፤ ለመልአኩ ክብር ስል ጥቂት ቸኩያለሁ አልኳቸው። ለመልአኩ ብለህ ከሆነስ ቀላል ነው ብለው አርባ ስግደት አዘዙልኝ፤ አስከትለውም ወፍጮው መነሣቱን ጠየቁኝ፤ ቤታቸው ያልተፈጨ ጤፍ ነበር። አርባውን ስግደት በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። በዚህ ጉልበት፣ በዚህ ዕድሜ። ወዲያው ጎረቤቴ ማሳ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

«በቀለ?» አለኝ።

ምኑ?

«ስግደቱ።»

ከዚያ የእሱን ንስሐ ሰጠኝ። በአምባሰል ሥር ያሉት ዘመዶቹ ጦርነቱ ሳይደርስ ማሽላቸውን ቀድመው መርጠው ሰቅለዋል፤ የተረፈ ዘር እነሱ ዘንድ ነው። እሱ ግን ስለ እኔ አይለምንም። እኔው በየደጁ እሄዳለሁ። ደግሞም ለአንዲት ችግረኛ ብዬ መለመን የለብኝም።

«እሱማ በጎ አድራጊ ያስመስልሃል» አለ። «በላሁ ብለህ ነው የምትለምነው።»

እምቢ አልኩት። ሙሴ ነኝ፤ ሽማግሌ ነኝ፤ የማኅበር ስም አለ። ያኔ ነው ነጋዴው ከአዲስ አበባ የተመለሰው፤ የፈለግሁትን ነገር ይዞልኝ መጣ። በዋናው መንገድ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር አሰበ፤ በጦርነት ውስጥ ያልተቋረጠ ማኅበር የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑ እኔ ጽዋውን ይዤ የምነሣው ፎቶ። አልዋሽም፣ ፂሜን ተስተካከልኩ። ነጠላዬን አሳጠብኩ። ፎቶ አንሺው ቀኜን ግራዬን እያየ ሲያስተካክለኝ ነጋዴው ከሥር የሚገባውን ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበርና፣ በዚያ ቀን ምን እንደበላን ጠየቀኝ። ዳቦ አልኩ። የምን ዳቦ አለ። ከዚያም መልሴን ሳይጠብቅ፣ የእምነት ዳቦ ብለን እንጽፈዋለን፣ ያምራል አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። በድምፄ ነው የተናገርኩት፤ ያውም ወፍጮ በሌለበት።

«የዘር ማሽላ ነው። የመበለት ዘር በልተን ነው ያልተቋረጥነው። እሱ ይጻፍ።»

ነጋዴው አሰበበት። እውነቱን ነው፣ በደንብ አሰበበት።

«ባነር ላይ አይገባም» አለኝ። «ይረዝማል።»

ባነሩ ወጥቷል። ፎቶው ላይ ያለው ግን እኔ ሳልሆን እሱ ነው። ጦርነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈው ሰውዬ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ መንገደኛውን ቁልቁል ያያል።

እኔ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቴን ይዤ ወደ አምባሰል ሥር ሄድኩ። የመጀመሪያው ደጅ ላይ የወጣችው ሴት ናት። የአንዲት መበለት ዘር በልቻለሁ፣ ዘር ልለምን ነው የመጣሁት አልኳት። አላህ ይቅር ይበልህ ብላ ሁለት ራስ ማሽላ አውርዳ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ደጅ የነበረው ሽማግሌ ግን ድገመው አለኝ። ደገምኩ። ከጓዳ ሚስቱን ጠራና፣ ነይ ስሚ፣ ክርስቲያን ሲናዘዝ ሰምተሽ አታውቂም አላት። ለሦስተኛ ጊዜ አልኩት። እየሳቁ አራት ራስ ሰጡኝ፤ ሁለቱን ለድፍረትህ ነው አሉ። አንድ ቤት ዘራችንን እኛም በልተነዋል አሉኝ፤ ተሰናብቻቸው ወደሚቀጥለው ደጅ አለፍኩ። አንድ የማኅበር ወንድማችን የሆነ ክርስቲያን ደግሞ የማኅበሩን ስም በእስላም ሰፈር አታጉድፍ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እሱ ከአራታችን አንዱ ነው፤ ከዚያ ዳቦ በልቷል።

ሃያ ሦስት ደጅ ነው። በአንድ ቀን አይደለም፤ በሦስት ቀን። ሐይቅና አምባሰል ውስጥ ይህን ያህል ደጅ፣ ይህን በመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ የለመነ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። እምነት በሰው ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ እስከዛሬ አላውቅም። በአፍ በኩል እንደማይገባ ግን አረጋግጫለሁ፤ በእኔ አፍ ያልተሞከረ የለም።

መበለቲቱ ቤት ስደርስ እንግዶቿ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ብቻዋን ነበረች። ተቀመጡ አላለችኝም። ጆንያ መሬት ላይ ዘርግታ የለመንኩትን ሁሉ አፈሰሰችውና ተንበርክካ ትለይ ጀመር። ቀዩን፣ ነጩን፣ ጥቅጥቁን፣ ብትኑን። ይኼ የቆላ ነው፣ እዚህ አይደርስም ትላለች። ይኼን ወፍ አያተርፈውም ትላለች። ይኼ ይሁን። እኔ አርባ ዓመት እህል የማውቅ ሰው ቆሜ አንድ ቃል አላስተማርኳትም። እየለየች ማን ማን እንደሰጠኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እንዴት ብዬ እንደለመንኩም ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«በላሁ አሉ?»

«አልኩ።»

«በየደጁ?»

«በየደጁ።»

መልሳ መለየት ጀመረች። ከግማሽ የሚበልጠው ለዘር ሆነ፤ ለማሳዋ ይበቃል፣ ለእኩል መስጠቱም ቀረ። በልጥ እያሰረች ሰጠችኝ፣ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። ስወርድ ስለ ማኅበሩ ጠየቅኋት፤ ወንበሩን እንዳትተው ፈርቼ ነበር።

«ወንበሩ የባሌ ነው፤ እመጣለሁ» አለች። «እርስዎ ግን ከእንግዲህ፣ አያ፣ አይታለፍም ከማለትዎ በፊት የሰውን ጣራ ይዩ።»

ከዚያ ለዘር የማይሆነውን ወደ ማዳበሪያዬ መልሳ ጠቅጥቃ አፉን አሰረችልኝ።

«ይኼን ወስደው ይፍጩና ይብሉት» አለችኝ። «ይኼ የሚበላ ነው።»

ለመነኩሴ መልስ ያላጣሁ ሰው ነኝ። ለእሷም መልስ ነበረኝ፤ ሦስት አራት መልስ። እሺ እቴ አልኳት፤ ማዳበሪያውን ተሸክሜ ወጣሁ።